ሻጋታው፣ ውሃውና ከሰሉ፦ የአንድ ኮንዶሚኒየም ቤት የጉዳይ ጥናት

ቤቱ የሻገተበት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ይሄ ሻጋታ መርዛማ ነው ወይ?" ብሎ ነው። እዚህ ቤት የተጠራሁትም ለዚሁ ጥያቄ ነበር። ነገሩ ሲመረመር ግን በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት የተለያዩ ችግሮች ተገኙ። አንዱ ከላይኛው ፎቅ የሚወርድ ፍሳሽ ነው። ሁለተኛው ከቤቱ አየር ወጥቶ ግድግዳ ላይ የሚያርፍ ጠል ነው። ሦስተኛው ከሻጋታው ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር አልነበረም፤ ሰው ሊገድል የሚችለው ግን እሱ ነበር። እንዲህ ባለ ቤት የሚኖር ሰው ብዙ ስለሆነ ጉዳዩን በዝርዝር ጽፌዋለሁ። የሰዎቹን ስም፣ ሰፈሩንና የብሎኩን ቁጥር ትቻለሁ።

## ቤቱና ነዋሪዎቹ

ቤቱ አዲስ አበባ ዳር ካሉት ትልልቅ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች በአንዱ ይገኛል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ነው። የሕንፃው ጫፍ ላይ ስለሆነ የትልቁ መኝታ ቤት ሁለት ግድግዳዎች ወደ ውጭ ናቸው። ግድግዳዎቹ ብሎኬት ናቸው፤ ከውስጥም ከውጭም ተለስነዋል። ብርድ የሚከላከል ሌላ ነገር በመሃል የለም። መታጠቢያ ቤቱን ከትንሹ መኝታ ቤት የሚለየው ደግሞ አግሮስቶን የሚባለው ተገጣጣሚ የግድግዳ ሰሌዳ ነው።

የሚኖሩበት ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ የባልየው እናትና አንዲት የቤት ሠራተኛ ናቸው። ትንሹ ልጅ ገና ዓመት አልሞላውም። ቤቱን የያዙት በኪራይ ነው። ስድስት ሰው እዚያ ውስጥ ይተነፍሳል፣ ያበስላል፣ ይታጠባል። በክረምት ልብስ በረንዳ ላይ አይደርቅም። ስለዚህ ኮሪደሩ ላይ ገመድ ተወጥሮ ልብሱ እዚያ ይሰጣል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ በየወሩ ከ200 ሚሊ ሜትር ያልፋል። ሌሊት ብርዱ ወደ 10 ዲግሪ ይጠጋል። ቤቶቻችን ማሞቂያ የላቸውም። ሰው የሚሞቀው መስኮት ዘግቶ፣ ከሰል አቀጣጥሎ ነው። መብራት ሲጠፋም የሚበሰለው በከሰል ነው። ይህን የምለው ቤተሰቡ በግዴለሽነት እንዳደረገው እንዳይመስል ነው። እንዲህ የሚኖረው አብዛኛው ሰው ነው።

## የቀረበው ችግር

ሻጋታው ሁለት ቦታ ታይቷል። ትልቁ መኝታ ቤት ውስጥ፣ ሁለቱ የውጭ ግድግዳዎች የሚገናኙበት ጥግ ላይ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ጥቁር ነጠብጣብ ነበር። ከወለሉ ተነሥቶ ወገብ ድረስ ይደርሳል። ትንሹ መኝታ ቤት ውስጥ ደግሞ በመታጠቢያ ቤቱ በኩል ከግድግዳው አናት ላይ ጠርዙ የጠቆረ ቡናማ ክብ ነበር። ቀለሙ ተነፍቶ ይረግፋል። ሲነካ እጅን ያርሳል።

ሕፃኑ ሳል አልተወውም። እናትየውና አያትየው ጠዋት ጠዋት ራሳቸውን ያማቸዋል። እናትየው ስለ "ገዳይ ጥቁር ሻጋታ" የሚያወራ ቪዲዮ አይታ እንቅልፍ አጥታለች።

አከራዩ ጥፋቱን ወደ ተከራዮቹ አዞሩ። "መስኮት አትከፍቱም፤ ቤቱን ያሻገታችሁት እናንተው ናችሁ" አሉ። ተከራዮቹ ደግሞ "ሕንፃው ያፈሳል" አሉ። ነገሩ ሊካረር ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሲመረመር ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው፤ እያንዳንዳቸው ግን የተናገሩት ስለ አንዱ ግድግዳ ብቻ ነበር።

## ቀድሞ የተሞከረው

አከራዩ ግድግዳውን አስፍቀው ደጋግመው ቀለም አስቀብተዋል። በኋለኛው ጊዜ ውሃ አያስገባም የተባለ ቀለም ከውስጥ በኩል አስቀቡ። ይህ ነገሩን አባሰው። ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው። ከፊት ሲታሸግበት በልስኑና በቀለሙ መካከል ተጠራቀመ፣ ቀለሙንም እንደ ላስቲክ ገፍቶ አነሣው።

ተከራዮቹ በበኩላቸው በረኪና ተጠቀሙ። በረኪና ሴራሚክ ላይ ጥሩ ነው። ልስን ላይ ግን ጥቁሩን ቀለም አንጥቶ ይተወዋል እንጂ ውስጥ የገባውን አያጠፋም። በዚያ ላይ አብዛኛው በረኪና ውሃ ነው፤ ልስኑ ያንን ውሃ ይመጠዋል። አንድ ቀን ደግሞ የቤት ሠራተኛዋ ይበልጥ እንዲያጸዳ ብላ በረኪናውን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ቀላቀለችው። ወዲያው ትንፋሿ ተያዘ፤ ዓይኗ አለቀሰ፤ እየሳለች ወደ በረንዳ ሮጠች። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ክሎሪን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር መሣሪያ ሆኖ ያገለገለ ጋዝ ነው። ሁለቱን ዕቃዎች በየሱቁ ጎን ለጎን ተደርድረው ስናይ ይህን የሚነግረን የለም። እባካችሁ በቤታችሁ ለሚያጸዳ ሰው ሁሉ ንገሩ።

ሦስተኛው ሙከራ ከአሜሪካ የመጣ የሻጋታ መመርመሪያ ነው። የእናትየው እህት ዋሽንግተን አካባቢ ትኖራለች፤ በሰው እጅ ላከችው። ክዳን ያለው ትንሽ ሳህን ሆኖ ውስጡ ሻጋታ የሚያበቅል ምግብ አለው። ተከፍቶ ለጥቂት ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያ ተከድኖ ይጠበቃል። በቀናት ውስጥ ሳህኑ ፀጉር በመሰለ አረንጓዴና ጥቁር ነገር ተሞላ። ቤቱ ተሸበረ። እኔ የተጠራሁት ያኔ ነው።

## ሳህኑ ምን ነገረን?

የሻጋታ ዘር የሌለበት አየር የለም። ውጭም ውስጥም በዓይን የማይታይ ዘር ይንሳፈፋል። ምግብና እርጥበት ያለው ሳህን ከተከፈተለት በየትኛውም ቤት ይበቅላል። ይህን በቃል ከማስረዳት ማሳየት ይሻላል ብዬ ከተላኩት ሳህኖች አንዱን ደረቅና ንጹሕ በሆነ የጎረቤት ሳሎን፣ ሌላውን ደረጃው ላይ አስቀመጥን። ሁለቱም በቀሉ። የደረጃው እንዲያውም ከመኝታ ቤቱ የባሰ ነበር። እናትየው የተረጋጋችው ያን ጊዜ ነው።

የናሙና ነገር ትልልቅ ተቋማትንም አሳስቷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 እና በ1994 በአሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ ሕፃናት ሳንባቸው እየደማ ሆስፒታል ገቡ። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የ10 ሕፃናትን ቤት ከሌሎች 30 ሕፃናት ቤት ጋር አነጻጸረ። በታመሙት ቤት ስታኪቦትሪስ የሚባለው ጥቁር ሻጋታ በብዛት ተገኘ ተባለ። "ገዳይ ጥቁር ሻጋታ" የሚለው ወሬ ዓለምን የዞረው በአብዛኛው ከዚያ በኋላ ነው። ማዕከሉ ራሱ ሥራውን በባለሙያዎች ካስገመገመ በኋላ በመጋቢት 2000 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ግንኙነቱ አልተረጋገጠም ሲል አሳወቀ። አንዱ ምክንያት አየሩ የተለካበት መንገድ ነው። ከታመሙት ቤት የተወሰደው የአየር ናሙና ከሌሎቹ ቤቶች በእጥፍ ይበልጥ ነበር። ናሙና የሚወስዱት ሰዎችም የታመመው ሕፃን ቤት የትኛው እንደሆነ ያውቁ ነበር። አጥብቆ የፈለገ የበለጠ ያገኛል።

ይህ ማለት ሻጋታ አይጎዳም ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ከሳል፣ ከአስምና ከመተንፈሻ አካል ሕመም ጋር እንደሚያያዝ ግልጽ አድርጓል። ያው መመሪያ ግን "ይህን ያህል ዘር ጤናማ ነው፤ ከዚህ በላይ አደጋ ነው" የሚል ቁጥር አላስቀመጠም። ያስቀመጠው፣ የማይደርቅ እርጥበትን አስወግዱ የሚል ነው። ስለዚህ ግድግዳው ላይ የሚታይ ሻጋታ ካለ ዝርያውን ማወቅ የምትወስዱትን እርምጃ አይለውጠውም። የሚለውጠው ውሃው ከየት እንደመጣ ማወቅ ነው።

## ውሃውን ፍለጋ

ሁለቱን ግድግዳዎች ለየብቻ መረመርናቸው።

መጀመሪያ ያደረግነው የፎይል ፈተና ነው። የወጥ ቤት አልሙኒየም ፎይል በክንድ ስፋት ቆርጠን ዙሪያውን በፕላስተር አሽገን ግድግዳው ላይ ለጠፍን። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ፎይሉ በክፍሉ በኩል ከረጠበ ውሃው የመጣው ከቤቱ አየር ነው። ከጀርባው፣ በግድግዳው በኩል ከረጠበ ደግሞ የመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው። የትልቁ መኝታ ቤት ፎይል ፊቱ ረጠበ። የትንሹ መኝታ ቤት ፎይል ጀርባው ረጠበ። የአከራዩና የተከራዮቹ ክርክር ግማሹ እዚያው አለቀ።

ትልቁን መኝታ ቤት በመለኪያ አረጋገጥነው። ጠዋት ሰው እንደተነሣ የክፍሉ ሙቀት 21 ዲግሪ፣ የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ነበር። ጥጉ ግን 15 ዲግሪ ነው። 21 ዲግሪ ሙቀትና 75 በመቶ እርጥበት ያለው አየር 16 ዲግሪ ገደማ የሆነ ነገር ሲነካ ውሃውን ይጥላል። ስለዚህ ያ ጥግ ሌሊቱን ሙሉ ያልባል ማለት ነው። ቁም ሣጥኑ ከፊቱ ተደቅኖ የክፍሉ ሙቀት እንዳይደርሰው ስላደረገ ደግሞ ቀን እንኳ አይደርቅም።

ትንሹ መኝታ ቤት ሌላ ጣጣ ነበረው። ከግድግዳው ጀርባ መታጠቢያ ቤት አለ፤ ከላይ ደግሞ የላይኛው ጎረቤት መታጠቢያ ቤት አለ። ቧንቧው ራሱ ያፈስ እንደሆን ለማወቅ የሁለቱንም ቤት የውሃ መክፈቻ ሁሉ ዘግተን ቆጣሪውን ተመለከትን። አልቆጠረም። ስለዚህ የሚፈሰው የሚገባው ውሃ አይደለም፤ የሚወጣው ፍሳሽ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ የላይኛዋን ጎረቤት ፈቃድ ማግኘት ነበረብን። መጀመሪያ አልፈቀዱም። ሰው ቤታቸው መጥቶ "የእርስዎ ውሃ ነው" ሲላቸው ቅር ቢላቸው አይገርምም። የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ የሆኑ አባት አብረውን ወጡ። "እትዬ፣ ማንም አልከሰሰዎትም። ቀለም ብቻ እናፍስስና እንየው፤ ካልወረደ እርስዎም ነፃ ነዎት" አሏቸው። ፈቀዱ። ቀይ የምግብ ቀለም በውሃ በጥብጠን ወለሉ ላይ ባለው የሻወር ፍሳሽ ጨመርን፤ ከላዩ ብዙ ውሃ አፈሰስን። በማግስቱ ታች፣ አግሮስቶኑ ከሶሌታው (በፎቆቹ መካከል ካለው ኮንክሪት) ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሮዝ ሆኖ ተገኘ። የፍሳሹ ቱቦ ሶሌታውን የሚያልፍበት መጋጠሚያ ተከፍቷል። የረጠበውን ቦታ ጎረቤቷ ራሳቸው ወርደው አዩት። ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም።

## ያልተጠየቀችው ሰው

የራስ ምታቱ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ሻጋታ አፍንጫ ያፍናል፣ ያስላል፣ ያስነጥሳል። ጠዋት ብቻ የሚያም ራስ ምታት ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ስለዚህ እናትየውን "ከቤት ስትወጪ ይተውሻል?" አልኳት። ቢሮ ገብታ ረፋድ ላይ እንደሚተዋት፣ እሑድ ግን ውሎ እንደሚያድር ነገረችኝ። አያትየዋ እማማም እንደዚያው አሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲያስቀድሱ ደህና ይሆናሉ።

የቤት ሠራተኛዋን እስከዚያ ሰዓት የጠየቃት አልነበረም። ወጥ ቤት ቆማ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሄጄ ጠየቅኳት። "ጋሼ፣ እኔማ ጠዋት ጠዋት ያስመልሰኛል፤ ያዞረኛል" አለችኝ። "ጨጓራ ነው ተብዬ መድኃኒት ተገዝቶልኛል።" አንድ ቀን ከመኝታዋ ስትነሣ ጉልበቷ ከድቷት ወድቃለች። የት እንደምትተኛ ጠየቅኳት። እዚያው ወጥ ቤት፣ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግታ ነው። ማታ ቡና ከተፈላና ሕፃኑ ከሞቀ በኋላ ማንደጃው ወጥ ቤት ይገባል። ለጠዋት እሳት እንዲያድር ፍሙ በአመድ ይሸፈናል። የወጥ ቤቱ አየር ማስወጫ ቀዳዳ ብርድና በረሮ እንዳይገባ በካርቶን ተደፍኗል። በሩ ይዘጋል።

ከከሰል የሚወጣውን መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ የሚለካ መለኪያ ወጥ ቤቱ ውስጥ አሳደርን። ያን ሌሊት እሷ ሳሎን እንድትተኛ አደረግን። ጠዋት መለኪያው ሌሊቱን ያየው ከፍተኛ ቁጥር 160 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 160ው) ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለቤት ውስጥ አየር ያስቀመጠው ወሰን ለስምንት ሰዓት 9 ፒፒኤም ገደማ፣ ለአንድ ሰዓት ደግሞ 30 ገደማ ነው። ኮሪደሩ ላይም ከወሰኑ በላይ ነበር፤ ጋዙ በበሩ ሥር እያለፈ መኝታ ቤቶቹ ይገባል። የጠዋቱ ራስ ምታት ከዚያ ነው የመጣው።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አገር በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ሰውነታችን ሲጀመርም የሚያገኘው ኦክስጅን ያነሰ ነው። ብዙ ሰው ከሰሉ ጭሱ ወጥቶ ፍም ከሆነ በኋላ አደጋ የለውም ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ሰው ይገድላል። የቀላ ፍም አይጨስም፤ ጋዙን ግን ያመነጫል። በአመድ ሲሸፈን አየር ስለሚያጥረው እስኪጠፋ ድረስ ቀስ እያለ ማመንጨቱን ይቀጥላል።

ክሊኒክ ሄዳ ለምን አልታወቀላትም? የሄደችው ከሰዓት በኋላ ነው። ንጹሕ አየር የሚተነፍስ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን በአራት አምስት ሰዓት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያም አይረዳም። ኦክስጅን የያዘውን ደምና ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ስለማይለይ ቁጥሩ ደህና መስሎ ይታያል። ሐኪሙ ማታ የት እንደተኛች ካልጠየቀ፣ እሷም ካልነገረች የማቅለሽለሽና የራስ ምታት ታሪክ ጨጓራ ቢመስለው አይፈረድበትም።

## የተወሰደው እርምጃ

መጀመሪያ የተስተካከለው ከሰሉ ነው፤ በዚያው ቀን። ካርቶኑ ከቀዳዳው ተነሣ። ማንደጃ ወጥ ቤት እንዳያድር ተወሰነ። ከሰል የሚቀጣጠለው በረንዳ ላይ ነው፤ የሚጠፋውም እዚያው በውሃ ነው። የቤት ሠራተኛዋ መኝታ ወደ ሳሎን ተዛወረ። ለሕፃኑ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ተገዛ። የእማማ የቡና ሥርዓት በረንዳው በር አጠገብ ሆነ፤ በሩ ገርበብ ብሎ። እህትየዋ ከአሜሪካ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ላከች። ከሳህኖቹ ሁሉ ይልቅ ለዚህ ቤት የሚያስፈልገው እሱ ነበር።

ፍሳሹን የላይኛዋ ጎረቤት በራሳቸው ወጪ አሠሩ። ቧንቧ ሠራተኛው የወለሉን ሴራሚክ በዙሪያው አንሥቶ መጋጠሚያውን ቀየረ፤ ውሃ መከላከያ አደረገበት። ከዚያ ቀለሙን ደግመን አፈሰስን፤ አልወረደም። የበሰበሰው የአግሮስቶን ክፍል ተቆርጦ ወጣ፤ አከራዩ አዲስ አስገቡ። የረጠበው ልስን እስከ ብሎኬቱ ተነሣ። ሥራው ሲሠራ ልጆቹ ሌላ ቤት ዋሉ፤ የክፍሉ በር በላስቲክ ተሸፈነ፤ ሠራተኞቹ ጥብቅ ማስክ አደረጉ። ሻጋታን ደረቁን መፋቅ ዘሩን በቤቱ ሁሉ ስለሚበትነው መጀመሪያ በውሃ ረጨት ረጨት ይደረጋል።

አከራዩ ቀለም ቀቢው እያለ በዚያው ሳምንት ቶሎ እንዲያልቅ ፈለጉ። እዚህ ላይ አጥብቄ ተከራከርኩ። ልስን እስኪደርቅ ሳምንታት ይፈልጋል፤ በክረምት ደግሞ ይብሳል። የተስማማነው በፎይሉ ነው። ጀርባው ደርቆ እስኪገኝ ድረስ ቀለም አይቀባም። ጠበቁ።

ትልቁ መኝታ ቤት ግንባታ አላስፈለገውም። ሻጋታው ከአንድ ካሬ ሜትር ያነሰ ስለነበር በሳሙና ውሃ ታጥቦ በጨርቅ ደረቀ። ቁም ሣጥኑ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ተዛወረ። ሊዛወር ባይችል እንኳ ከግድግዳው በአንድ መዳፍ ማራቅ ይጠቅማል። መታጠቢያ ቤት ሲታጠቡ በሩ ይዘጋል፣ መስኮቱ ይከፈታል። ልብስ ከኮሪደሩ ተነሥቶ መስኮት ያለው ክፍል ውስጥ በር ተዘግቶ ይሰጣል።

መስኮት የመክፈቱ ነገር ጊዜ ወሰደ። እማማ "በዝናብ መስኮት ከተከፈተ እርጥበት ይገባል፤ ብርዱም ይመታናል" አሉ። ስለ ብርዱ እውነታቸውን ነው። ስለ እርጥበቱ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ጠዋት ውጭ 12 ዲግሪ ሆኖ እየዘነበ የአየሩ እርጥበት 95 በመቶ ቢሆን እንኳ ቀዝቃዛ አየር የሚሸከመው ውሃ ትንሽ ነው። ያው አየር ቤት ገብቶ ወደ 21 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ 55 በመቶ ገደማ ይሆናል። ቤት ውስጥ ካደረው 75 በመቶ ጋር ስታነጻጽሩት የሚገባው ደረቅ፣ የሚወጣው እርጥብ ነው። በመጨረሻ ተስማማን። ጠዋት እማማ ሳሎን ገብተው በር ይዘጋላቸዋል፤ የመኝታ ቤቶቹ መስኮቶች ለሩብ ሰዓት ያህል ወለል ብለው ይከፈታሉ። ሌሊቱን ሙሉ በትንሹ ገርበብ ከማድረግ ይህ ይሻላል፤ አየሩ ይለወጣል፣ ግድግዳው ግን አይቀዘቅዝም።

## የሠራውና ያልሠራው

ራስ ምታቱ ከሰሉ በወጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ቆመ። የቤት ሠራተኛዋም ማስመለሷን ተወች። የጨጓራ መድኃኒቷን ማቋረጥ ያለባት በራሷ እንዳይሆን ክሊኒክ ተመልሳ የሆነውን ሁሉ እንድትነግር አደረግን።

የትንሹ መኝታ ቤት ግድግዳ ደርቆ ቆየ። ክረምቱ ሲያልፍ ቡናማው ክብ አልተመለሰም።

ትልቁ መኝታ ቤት ላይ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳካልንም። ቤት የተውነው የእርጥበት መለኪያ ብዙ ጠዋት ከ65 በመቶ በታች ያሳያል፤ ብዙ ልብስ በሚታጠብበት ቀን ግን 70 ይደርሳል። ነሐሴ ላይ ጥጉ ሥር ጥቂት ነጠብጣብ ተመልሷል፤ ታጥቦ ጠፋ። ግድግዳው ራሱ ቀዝቃዛ እስከሆነ ድረስ እንዲህ ይሆናል። መፍትሔው ከውጭ በኩል ብርድ የሚከላከል ነገር ማልበስ ነው፤ ያ ደግሞ የአንድ ተከራይ ቀርቶ የአንድ ቤት ባለቤት ጉዳይም አይደለም።

የሕፃኑ ሳል ቀንሷል። ይህን ከእኛ ሥራ ጋር አላያይዘውም። ከሻጋታው፣ ከከሰሉ፣ ከጉንፋን ወይም ከሁሉም ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ እየተከታተለው ነው።

## ለሌላ ቤት የሚሆነው

ከዚህ ቤት ይዤ የወጣሁት ዋነኛ ነገር የምርመራው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ሰዎቹ ይጠየቃሉ፣ ቀጥሎ ውሃው ይፈለጋል፣ ናሙና መጨረሻ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም አያስፈልግም። ሰዎቹ ስል ቤቱ ውስጥ የሚያድሩትን ሁሉ ማለቴ ነው። ከወጥ ቤቱ አየር አብዝታ የምትተነፍሰው የቤት ሠራተኛዋ ናት። እሷ ሳትጠየቅ የተደረገ የቤት ምርመራ ግማሽ ምርመራ ነው። የሚጠየቀውም ቀላል ነው፦ የት ትተኛለህ፣ መቼ ያምሃል፣ ከቤት ስትወጣ ይተውሃል? ከአንድ ሰው በላይ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመውና ውጭ ሲወጣ ከተሻለው ስለ ሻጋታ ማሰቡን ትታችሁ መስኮት ክፈቱ፣ ከሰሉን አውጡ፣ ሕክምና ሂዱ።

ሻጋታ ሁለት ቦታ ሲታይ አንድ ምክንያት አለው ብሎ መጀመር አደገኛ ነው። እዚህ ቤት ለአንዱ ግድግዳ ያስፈለገው ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ለሌላው የቁም ሣጥን ቦታ መለወጥ። ተለዋውጠው ቢሠሩ ሁለቱም አይሠሩም ነበር። ፎይል ርካሽ ነው፤ ቀለም ከመግዛት በፊት ሞክሩት።

ናሙና ትርጉም የሚኖረው መልሱ አንድ ነገር የሚያስለውጥ ሲሆን ነው። ለምሳሌ ሕመሙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሐኪሙ የተወሰነ ዝርያ ሲጠረጥር፣ ወይም ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ። ያኔም ከውጭ አየርና ከደረቅ ክፍል ለማነጻጸሪያ ናሙና መወሰድ አለበት። የሚያጸዳው ድርጅት ራሱ መርማሪ ከሆነ ውጤቱን በጥርጣሬ ማየት ይገባል፤ ሥራ የሚያገኘው ችግር ካገኘ ነውና።

ለአከራይና ለተከራይ አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ጉዳይ ጠቡን ያበረደው ሁለቱም ወገኖች አብረው ቆመው ማየታቸው ነው። ፎይሉ ሲነሣ አከራዩ ነበሩ። ቀለሙ ሲፈስ ጎረቤቷ ነበሩ። የኮሚቴው ሰብሳቢም ነበሩ። የታየው በአንድ ገጽ ተጽፎ ሁሉም ፈረሙበት፤ ማን ምን እንደሚያሠራም እዚያው ሰፈረ።

ኮሚቴው ከዚያ ወዲህ በዚያው የፍሳሽ መስመር ላይ ያሉትን የሌሎቹን ፎቆች መታጠቢያ ቤቶች በምግብ ቀለም መፈተን ጀምሯል። መጋጠሚያው በየፎቁ የተሠራው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ሌላ አንድ ቤት ላይም ቀለሙ ወርዶ ታይቷል፤ እዚያ ግን ግድግዳው ገና አልሻገተም።